ፈቀቅ ያለ መሬት ከሰማይ ሲለካ

የራዳር ሳተላይት መሬትን የሚለካው የገደል ማሚቶ በሚያዳምጥ እረኛ ዘዴ ነው። የራሱን ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ ሞገዱ በምን ሁኔታ እንደተመለሰ ይመዘግባል። ፀሐይ ብትጠልቅ ሥራው አይስተጓጎልም፤ የክረምት ደመናም አያግደውም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመጠቃቸው ሴንቲነል-1 የተባሉት ሳተላይቶች በ693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይበርራሉ። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋሉ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ከተማ ዙሪያ ከብቱ ከበረት በሚወጣበትና ወደ በረት በሚመለስበት ሰዓት መሆኑ ነው። አንዱ ሳተላይት ያንኑ መስመር ይዞ ያንኑ ቦታ ዳግም የሚያየው በ12ኛው ቀን ነው።

በእነዚያ 12 ቀናት ውስጥ መሬቱ ከነበረበት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ አብጦ ወይም ሰምጦ ከሆነ ሁለቱ ማሚቶዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይወጣል። ባለሙያዎች ኢንሳር የሚሉት ይህን ማነጻጸር ነው። ባለፉት 30 ዓመታት የመሬት መንቀጥቀጥን ጥናት ከለወጡት ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ዘዴው በዓለም ላይ ካስገኛቸው ታላላቅ ውጤቶች አንዱም የተገኘው ከኢትዮጵያ ምድር ነው።

ራዳር ሞጣን የሚያያት ሰው እንደሚያያት አይደለም። ምስሉ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። የከተማዋ የቆርቆሮ ጣራዎችና የቤቶቹ ግድግዳዎች ሞገዱን ወደመጣበት መልሰው ስለሚወረውሩት መሬት ላይ እንደተበተነ ጨው ያብለጨልጫሉ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አንሸራትቶ ይሰደዋል፤ በምስሉ ላይ የሚቀረው ጥቁር መስመር ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ግራጫና ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል፤ ሳተላይቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሳይሆን ጎኑን አጋድሎ ስለሚያይ፣ ፊቱን ወደ እሱ ያዞረው ገደል ተጨፍልቆ ነጭ ጥብጣብ ይሆናል፤ ጀርባውን የሰጠውን ደግሞ ጥላ ይውጠዋል። አንዲት የምስል ነጥብ በመሬት ላይ 5 ሜትር በ20 ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ የአንድ መካከለኛ ግቢ ስፋት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ከአንድ ግቢ ያነሰ ነገር ለይቶ የማያይ ምስል የጣት ውፍረት የሚያህል እንቅስቃሴ እንዴት ይለካል? መልሱ በራሱ በሞገዱ ውስጥ አለ፤ ለማስረዳትም ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ሰባራ ድልድይን ማሰብ ይጠቅማል። በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛ ክፍሉ ፈርሶ፣ ከጎጃም ወደ በጌምድር የሚሻገረው ሰው ለአሥርት ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ ያልፍ ነበር። አሁን በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል፤ ገመዱ ግን ለምሳሌ ይሆናል።

ገመዱ ማዶ ካለ ድንጋይ ጋር ታስሮ፣ ወዲህ ማዶ ባለው ድንጋይ ላይ ተወጥሮ አልፏል እንበል። በየ2.8 ሳንቲ ሜትሩም አንድ ዓይነት ቋጠሮ አለው። ከዳር እስከ ዳር ስንት ቋጠሮ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ዛሬ አንዲት ቋጠሮ ከወዲህኛው ድንጋይ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ወጣ ብላ ከታየች፣ ከ12 ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወጣ ብላ ከተገኘች፣ ወዲያ ማዶ አንድ ሳንቲ ሜትር ተጠግቷል ማለት ነው። የገመዱን ሙሉ ርዝመት ማወቅ አላስፈለገም። ችግሩ ቋጠሮዎቹ ሁሉ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው። ማዶው ልክ 2.8 ሳንቲ ሜትር ከተጠጋ አዲሲቱ ቋጠሮ በአሮጌዋ ቦታ ላይ ስለምትቆም ምንም የተነቃነቀ አይመስልም።

የሴንቲነል-1 ሞገድ ርዝመት 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ ሄዶ ስለሚመለስ መሬቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር ቢጠጋ የሞገዱ መንገድ በሁለት ያጥራል፤ ስለዚህ በመሬት ላይ አንዱ «ቋጠሮ» ግማሹ፣ 2.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሳተላይቱ ለእያንዳንዷ ነጥብ ሞገዱ ከዑደቱ በየትኛው ቦታ ላይ ሆኖ እንደተመለሰ ይመዘግባል። የሁለት ቀን ምዝገባዎች ሲቀናነሱ ኢንተርፌሮግራም የሚባለው ምስል ይወጣል። በልማድ በቀስተ ደመና ቀለማት ይሣላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብሎ አንድ ዙር ሲጨርስ 2.8 ሳንቲ ሜትር ተቆጠረ ማለት ነው። አንባቢው ካልተንቀሳቀሰ ቦታ ተነስቶ ቀለበቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወደ መሃል ይቆጥራል። አሥር ቀለበት ካገኘ መሬቱ በሳተላይቱ አቅጣጫ 28 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል። ልኬቱ ሁሌም አንጻራዊ ነው፤ አንድ ቦታ «አልተነቃነቀም» ተብሎ ካልተያዘ ሌላው ምን ያህል እንደሄደ መናገር አይቻልም።

ዘዴው ራሱን ያስመሰከረው በ1992 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ላንደርስ በተባለ በረሃማ ቦታ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነበር። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከአንድ ዓመት በፊት በመጠቀችው ኢአርኤስ-1 ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተነሱትን ምስሎች አቀናንሰው በ1993 አሳተሙ። የተሰነጠቀውን መሬት ግራና ቀኝ የከበቡት ቀለበቶች ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ።

ከዚያ በፊት የተደረገው ሁሉ በእግር የተደረገ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ ለወራት የቆየው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ፣ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ፒየር ጉዊን የነበራቸው የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ የዓይን ምስክሮች ቃልና የራሳቸው ምልከታ ነበር። መሣሪያው የሚመዘግበው ንዝረቱን ነው፤ መሬቱ ከንዝረቱ በኋላ የት ላይ እንደቀረ አይናገርም። የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ውስጥ ካራ ቆሬ ሰፊ ቦታ ቢይዝም፣ የዚያ ዓመት ምድር በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሰመጠ የሚያሳይ ካርታ ግን ሊኖር አይችልም ነበር።

ሁለቱን ምስሎች መቀናነስ ቀላል ይመስላል እንጂ ከውጤቱ ላይ ብዙ ነገር መገፈፍ አለበት። ሳተላይቱ በሁለተኛው ጉዞው ከመጀመሪያው መስመሩ በአሥሮች ሜትር ወጣ ማለቱ አይቀርም፤ በዚህ የተነሳ ተራራና ሸለቆው ራሱ የሐሰት ቀለበት ይሠራል። ይህን ለማንሳት የመሬቱን ከፍታ የያዘ ካርታ ያስፈልጋል፤ አሜሪካኖች በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር ላይ ለ11 ቀናት በራዳር ያነሱት ካርታ እስካሁን ለዚህ ያገለግላል። ከዚያ አየሩ አለ። ሞገዱ እርጥብ አየር ሲያቋርጥ ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መዘግየቱን እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። በጮቄ ተራራ ላይ ያረፈ ጉም በምስሉ ላይ ተራራው በጥቂት ሳንቲ ሜትር የሰመጠ ሊያስመስል ይችላል። ጮቄ ራሱ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ እሳቱ ከጠፋ ዘመናት ያለፉት እሳተ ገሞራ መሆኑን የማያውቅ ጀማሪ እንዲህ ያለ ምስል ቢያገኝ መደንገጡ አይቀርም። መድኃኒቱ ብዙ ምስል መሰብሰብ ነው፤ ጉሙ በየቀኑ መልኩን ሲለውጥ የመሬቱ ጉዞ ግን በአንድ አቅጣጫ ይቀጥላልና።

የአቅጣጫም ጉዳይ አለ። ሳተላይቱ የሚለካው መሬቱ ወደ እሱ መጠጋቱን ወይም ከእሱ መራቁን ብቻ ነው። ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለሚበርርና ወደ ጎን ስለሚያይ፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሄደ መሬት ከሞላ ጎደል አይታየውም። የንጋቱና የምሽቱ ምስል ሲጣመሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሆነውን ከምሥራቅና ከምዕራቡ መለየት ይቻላል። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በአብዛኛው የሚከፈተው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ መሆኑ ለተመራማሪዎቹ ዕድል ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድሩ መናወጥ ጀመረ። ከመስከረም 4 እስከ መስከረም 24 ባሉት ቀናት ብቻ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆነ 163 መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16 ቀን፣ ደገኛው ደመራውን በሚደምርበት ዕለት፣ ዳዑሬ በተባለ ቦታ ምድሩ ተሰንጥቆ አመድ ተፋ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አፍ ተከፈተ፤ ፍየልና ግመል የሚያረቡት የአካባቢው ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ሸሹ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሄሊኮፕተር የሄዱት ባለሙያዎች አዲሱን አፍና በየአቅጣጫው የተዘረጉትን ስንጥቆች አዩ። ይሁንና ከሄሊኮፕተር መስኮት የሚታየው የነገሩ ትንሹ ክፍል ነበር።

ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከመናወጡ በፊትና በኋላ ያነሳቸው ምስሎች ሲቀናነሱ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። ከዳባሁ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት ለሁለት ተከፍሏል፤ በሰፋበት ቦታ ክፍተቱ 8 ሜትር ደርሷል። የስምጡ ግራና ቀኝ እስከ 1.5 ሜትር ወደ ላይ ተነስቷል፤ መሃሉ ሰምጧል። ወደ መሃል ሲጠጉ ቀለበቶቹ እጅግ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ መቁጠር ስላልተቻለ፣ ተመራማሪዎቹ በዚያ ክፍል እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ስንት ሜትር እንደሄደች በቀጥታ ወደ ማነጻጸር ዞሩ። ውጤቱ በቲም ራይት መሪነት በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ ከጸሐፊዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል።

ክፍተቱን የሞላው ቅልጥ አለት ነው። ከጥልቅ ተነስቶ፣ እንደ ቆመ ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ምድሩን በሁለት በኩል እየገፋ 60 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። መጠኑ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከጣና ሐይቅ ውሃ አንድ አሥረኛ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። ከዚህ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ የታየው ኢምንት ነው። በአፋር ሁለቱ የምድር ቅርፊቶች በዓመት የሚራራቁት 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ነው፤ በዚያ ስሌት 8 ሜትር ለመክፈት ከ400 ዓመት በላይ ይፈጃል። የአራት መቶ ዓመቱ ሂሳብ በሦስት ሳምንት ተዘጋ ማለት ነው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የመንቀጥቀጦቹ ጉልበት በሙሉ ቢደመር ሳተላይቱ ለለካው እንቅስቃሴ ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር። የንዝረት መመዝገቢያ ብቻ ቢኖር ኖሮ ሳይንስ ከዚያ ክስተት ዘጠኝ እጁን ሳያይ ይቀር ነበር። ምድሩ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ድምፁን አጥፍቶ ነው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያው ስምጥ 13 ተጨማሪ፣ መጠናቸው ያነሰ የቅልጥ አለት ግድግዳዎች ገብተዋል፤ ኤንቪሳትም አካባቢውን ሲከታተል ቆይቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ክስተት የደረሰው ሰው በሚበዛበት ቦታ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድሩ ተናወጠ። መስከረም 26 ቀን የደረሰው 4.9 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰማ፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው ደረጃ ወረዱ። በኅዳር ጋብ ያለ ቢመስልም በታኅሣሥ ባሰበት። ታኅሣሥ 26 ንጋት ላይ 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ 6.0 መጠን ያላቸው ደረሱ። በዱለቻና በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳዎች መንገድ ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፤ በዶፈን አቅራቢያ ከምድር ስንጥቅ እንፋሎትና ጭቃ ተፋ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ አለት ያፈሰሰው በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለነበር ሁሉም የሚጠብቀው የእሱን መፈንዳት ነበር።

የሴንቲነል-1 ምስሎች በተገኙ በቀናት ውስጥ እየተቀናነሱ ሲወጡ የታየው የዳባሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የቅልጥ አለት ግድግዳ ምድሩን ግራና ቀኝ እየገፋ፣ መሃሉን እያሰመጠ ይጓዝ ነበር። ቅልጥ አለቱ ሳይወጣ ከውስጥ ቀረ። በዚያ ሰሞን በየማኅበራዊ ሚዲያው «ነገ በዚህ ሰዓት ይፈነዳል» የሚለው ወሬ ሲናፈስ፣ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ሰዓት መተንበይ እንደማይቻል ደጋግመው ተናገሩ። ኢንሳር የሚያሳየው እስካሁን የሆነውን ነው፤ ግድግዳው በየት በኩል እንደተዘረጋ፣ የትኛው መንደር ከስንጥቁ ላይ እንዳለ ይናገራል። ለማን ቅድሚያ ሰጥቶ ማንሳት እንደሚገባ ለሚወስን አስተዳዳሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሳተላይቶቹ መንቀጥቀጥ በሌለበትም ሥራ አላቸው። ከ1993 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተነሱ ምስሎች ሲፈተሹ፣ ዝም ያሉ ይመስሉ የነበሩ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች አለሌላ ምልክት ሲያብጡና ሲሰምጡ ተገኝተዋል። የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ያለበት አሉቶ አንዱ ነው። በሻሸመኔና በሀዋሳ አቅራቢያ ያለው ኮርቤቲ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት በ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲያብጥ ቆይቷል፤ ገበያ ሲወጣ ሲወርድ በላዩ የሚሄድ ሰው ምንም አይሰማውም።

ሞጣ ከዳባሁም ከፈንታሌም በአየር ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የተቀመጠችውም ከሰላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ወፍራም ጥቁር ድንጋይ ደጋ ላይ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ጋር ሲነጻጸር የጸና ምድር ነው። ለራዳር ግን የጸናው ጎጃም ከሚናወጠው አፋር ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በአፋር ድንጋዩ ራቁቱን ስለሆነ ዛሬ የተመለሰው ማሚቶ ከወር በኋላም ያው ነው። በሞጣና በቢቸና ማሳ ላይ ግን በሐምሌ ጭቃ የነበረው በነሐሴ ቡቃያ፣ በጥቅምት ያሸተ ጤፍ፣ በኅዳር ቃርሚያ ይሆናል። 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሞገድ ከቅጠልና ከአገዳ ላይ ስለሚነጥር፣ በሁለተኛው ቀን የሚመለሰው የሌላ ነገር ማሚቶ ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ ቀለበት አይወጣም፤ እንደ ዳጉሳ የተበተነ ባለቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል።

አፈሩም ያሳስታል። የቢቸና መረሬ፣ ሌላው ዋልካ የሚለው፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ይህ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ሳተላይቱም ከሞላ ጎደል በትክክል ይለካዋል። ነገር ግን ከምድር በታች ካለ ነገር ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። አካባቢውን ያላወቀ ተመራማሪ ለመረሬ ትንፋሽ የእሳተ ገሞራ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ አንድ ገበሬ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረዳው ነበር።

በደጋው የሚታመኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በጋና ጣራ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ማሳው ባዶ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ምስሎቹ ይስማማሉ። ጣራ፣ ግድግዳ፣ የድልድይ ጠርዝና የተጋለጠ ቋጥኝ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ማሚቶ ይመልሳሉ። ተመራማሪዎች ማሳውን ትተው እነዚህን ነጥቦች ብቻ በመቶ በሚቆጠሩ ምስሎች ላይ በመከታተል እንቅስቃሴን በዓመት እስከ ሚሊ ሜትር ይለካሉ። ሞጣ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ እያንዳንዱ ቤት ባለቤቱ ሳያውቀው የመለኪያ ነጥብ ነው።

የሚለካውስ ምንድን ነው? በምሥራቅ ጎጃም ትልቁ ጉዳይ የዓባይ ሸለቆ ተዳፋት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ 1,500 ሜትር ገደማ ወርዶ ይወጣል፤ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥር የኖራ ድንጋይ፣ ጄሶና አሸዋ ድንጋይ የተደራረቡበት፣ በየእርከኑ የተናደ አፈር የተከመረበት ገደል ነው። ክረምት ሲመጣ ያ አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ አስፋልቱ እየጎበጠና እየሰመጠ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮች ይቆጥራሉ። እንዲህ ያለ ቀስ ብሎ በዓመት በሳንቲ ሜትሮች የሚሳብ ተዳፋት ለኢንሳር የተመቸ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚወርደው ይታያል፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ግን ቀደም ብሎ በተነገረው ምክንያት ሊደበቅ ይችላል። በድንገት የሚናደውም ያመልጣል። በጎፋ ዞን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎችን የቀበረው ናዳ በሰዓታት ውስጥ የሆነ ነው፤ በ12 ቀን አንዴ የሚያልፍ ሳተላይት ለእንዲህ ያለው ደራሽ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ይህን ሥራ አትሠራም ነበር፤ የተሸከመችው ካሜራ እንጂ ራዳር አልነበረም። የሴንቲነል-1 ምስል ግን ኢንተርኔት ላለው ሁሉ በነጻ ይገኛል፤ ማቀናነሻው ሶፍትዌርም እንዲሁ። ሐምሌ 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የአሜሪካና የህንድ ናይሳር ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሞገድ ስላላት ቅጠሉን አልፋ አፈሩ ድረስ ትዘልቃለች፤ ለጤፍ አገር የተሠራች ትመስላለች። የራሷ እንከንም አላት፤ ረጅም ሞገድ በላይኛው አየር ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ሽፋን ይበልጥ ይረበሻል፤ ሽፋኑ ደግሞ ኢትዮጵያ በምትገኝበት በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ይበረታል።

ስለዚህ ምስል እጥረት የለም። የጎደለው በምድር ላይ ያለው ነው፤ ውጤቱን የሚያመሳክር ጂፒኤስ፣ የንዝረት መመዝገቢያና ቦታውን የሚያውቅ ሰው። ከእነዚህ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ሴንቲነል-1 ሥራ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ያነሳቸው ምስሎች በሙሉ በቀናቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪው ከሁለት ሺህ ማሳ መካከል የትኛውን፣ ከመቶ ምስል መካከል የትኞቹን ሁለት እንደሚያቀናንስ የሚነግረው ግን ያስፈልገዋል። ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ቦታውን የለወጠ ምንጭ ያየ ሰው ቀኑንና የጎጡን ስም ጽፎ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ያስመዝግብ፤ ስልክ ካለውም ከዚያው ላይ ቆሞ ፎቶ ያንሳ።